ሎሚ የለኝም

ከናንት በስተደቡብ፣ ከሴቭር ወንዝ ዳር፣
ቅዳሜ ማለዳ ድንኳን ስንወጥር፣
በቀኜ ሶሌን ናት፣ ከጠርሙሶቿ ጋር፤
ማቱራን በግራ፣ ኦይስተር ነጋዴው፣
ቢላዋውም አጭር፣ ወሬውም እንዲያው።
መኻል እኔ አለሁ፣ ቅቤ ሻጯ ፔሪን፣
ጨው ያለው፣ የሌለው፣ በሁለት ሳጥን።

ሁለቱ አይነጋገሩም።
አባት ካባት ናቸው የተቀያየሙት፤
የማቱራን አባት በርሜል ተውሶ ወስዶት
መለሰው በዓመቱ፣ ዓሣ ዓሣ ሸቶ፤
የዚያን ዓመት ወይን ቀረ ተበላሽቶ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት። ሁለቱም አለፉ፤
ጠቡን ከነወለድ ለልጅ አስተላለፉ።
በደረቅ አበሳ እርጥብ የሚነደው
እንግዲህ ይኸው ነው።

ስለ ደረቅ ካልን፣ ወይኗም ደረቅ ነው።
ሙስካዴ ይባላል፤ ነጭ፣ ገለባ መሳይ፤
ጉሮሮ እያራሰ "ደረቅ" መባሉ ላይ
ስንት ዓመት አሰብኩኝ፤ መልስ አጣሁለት።
"እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሶት
ነው" አለችኝ ሶሌን። ማባበያ የለው።
ቅቤ ሻጭ ነኝ እንጂ ቅቤ ጠባሽ አይደለሁ፤
ብቻውን ስጠጣው ዓይኔን ጨፍኛለሁ።
ጥርስ ያፋጫል፣ ልክ እንደ ሶሌን ራሷ፦
"እንደምን አደርሽ?" ሲሏት "ለምን?" ነው መልሷ።

የብርዱን ወራት ግን ተኝቶ ይከርማል
ከገዛ አተላው ላይ፤ ሌላው ይደፋዋል።
ሰው የሚጥለውን ከሥሩ አንጥፎ፣
የትኩስ ዳቦ ሽታ ከዚያው ላይ ቀስፎ፣
መጋቢት ሲያበቃ ይወጣል ጠርቶ፣
ከምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ ተቆጥቶ።

ኅዳር ነው። ዝናቡ አናት ይፈልጣል።
ገዢ የሚባል የለም፤ ውሻም ከቤት ውሏል።
ማቱራን ርቦት ነው? ሰልችቶት ነው? እንጃ፤
ስድስት ኦይስተር ከፍቶ ደረደረ በእጁ፣
ባሕሩን እንዳለ በየቅርፊታቸው፣
ግራጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ጨው ያረገዙ ናቸው።
ኪሱን ዳበሰና፣ "ፔሪን" አለ፣ "ሎሚ?"
"ቅቤ ነው የያዝኩት።"
በትከሻዬ ላይ ዓይኑ ተሻገረ።

"ሎሚ የለኝም" አለች፣ ሳይጠይቃት ገና።
ሠላሳ ሁለት ዓመት የተጠበቀው ቃል ይኸው ሆነና፣
ብርጭቆ አነሣች፤ ግማሽ ድረስ ሞልታ
በቅቤዬ አናት ላይ ክንዷን ዘርግታ
ስታሻግር ጊዜ አንድ ጠብታ ወርዶ
ጨው አልባው ቅቤ ላይ አረፈ ተንከባሎ።
"ይኸው ሎሚህ" አለች።

በላ። ጠጣ። ዝም አለ። ሌላ ከፈተ።
አራተኛው ላይ ሲደርስ ቅርፊቱን በጣቱ
ገፋ አደረገላት። እኔም ቀመስኩ በስርቆት፦
ያ ዓይን የሚያስጨፍን፣ ጨው ሲያገኝ ጊዜ
እንደ ንጹሕ ድንጋይ፣ እንደ ሌሊት ጤዛ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ በየቅዳሜው ሆነ።
ሰርዲን በፍም ጠብሶ ማቱራን አመጣ፤
ለጋ የፍየል አይብ ከአጎቷ ቤት መጣ፤
እኔም ቀይ ሽንኩርቱን በወይኗ አፍልቼ
ቅቤዬን በጥቂቱ ሳይፈላ መትቼ
በወንዝ ዓሣ ላይ አፈሰስኩት። ጸጥ አሉ።
(ሁሉም አልሰመረም፦ ልደቷ ዕለት ነው፣
ቸኮሌት ኬክ ይዞ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፤
ወይኑ ከኬኩ ጋር ሚስማር ሚስማር አለ።
ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።)

ጥር ላይ ብመጣ ቦታዬ የለም።
ጠረጴዛ ገጥመው፣ አንድ ድንኳን ወጥረው፣
እኔን ወደ ዳር፣ ከሰላጣ ሻጩ ጎን አስቀምጠው።
አልተቆጣሁም። ትንሽ ብቻ። እንደ ወይኑ።

ያ በርሜል? ከሶሌን ደጅ አለ እስካሁን፣
የጣራ ፍሳሽ ያጠራቅማል።
ዘንቦ ሲያባራ ጠጋ ላለው ሰው
አሁንም፣ በስሱ፣ ዓሣ ዓሣ ይላል።