ከበሩ በስተኋላ

ሳልዋ፣ ኩዌት። ሰኞ ማታ። ሙቀት መስኮቱን ልሶት፣
የማዳም ሳሎን ቀዝቅዞ፣ የኔን ማድቤት እሳት በልቶት።
ፈዋዝ፣ የቤቱ ታናሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልደፈነ፣
ቢጫ ማልያውን ለብሶ፣ ከቲቪው ፊት የመነነ።

ቡድኑ? ኧረ ቡድን አይባል! ሲሸነፍ ከርሞ ሲሸነፍ፣
ከሰንጠረዡ ግርጌ ላይ አንጥፎ የቆየ ምንጣፍ፤
በምን ዕድል እንደሆን እንጃ፣ ለዋንጫ ጨዋታ በቅቶ፣
ሁለት ለባዶ ይመሩታል፣ ሰማንያው ደቂቃ ሞልቶ።

እኔ ከማድቤቱ በር ጀርባ፣ እጄን አረፋ ውጦት፣
ጆሮዬ ሳሎን ገብቷል፣ የተንታኙ ጩኸት ስቦት።
አሥራ አራት ቁጥር ተቀይሮ ገባ። ሽማግሌ ነው ለኳስ፤
ጉልበቱ በፋሻ ታስሮ፣ መሐል ሜዳ እስኪደርስ…
«አሁን እንመለሳለን» አለ ፈዋዝ፣ ለራሱ፣
የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር፣ ሳይዛነፍ ምላሱ።

ሳቅሁ።
በሆዴ ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ሳህኗ ግን አመለጠችኝ።
ዘወር ብሎ አየኝ ልጁ፤ «ለምን ሳቅሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«አልሳቅሁም።»
«ሳቅሽ እንጂ!»

እጄ ውኃው ውስጥ ቆመ። ይህን ነገር የት ነበር?
ሐምሌ ሰባት፣ በሥላሴ፣ ከአንድ ጃንጥላ ዳር፣
መምሬ ገላጋይ ሲያስተምሩ፤ እኔ ስለ ጫማዬ ጭቃ ሳስብ፣
ጆሮዬ ግን ሳላውቀው፣ ቃሉን ለክፉ ቀን ሲሰበስብ።
ሣራ ከድንኳኑ በር ጀርባ፣ የማይሆን ሰምታ ሳቀች፤
ስትጠየቅ ደንግጣ፣ ሳቋን ሽምጥጥ አርጋ ካደች።
እግዜር ግን አልተቀየማት፤
በዓመቱ፣ ሳቅ የሚባል ልጅ ታቀፈች።

አንድ ገባ። ሰማንያ ሰባት። አሥራ አራት ቁጥር፣ በግንባሩ።
ፈዋዝ እንኳን አልዘለለም፤ ቺፕሱን ይቆረጥማል፣ እንደ ነገሩ።
ያኔ ማዳም ብቅ አለች። «ነገ ትምህርት አለ» አለች፤
ሪሞቱን አነሳችና፣ ሜዳውን ከነሰዉ አጠፋች።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ጥርሱን ቦርሾ ሄደ አልጋው፤
ብርድ ልብሱን ሳስተካክል፣ «አሸነፍን» አለ። እንቅልፍ ወሰደው።

አሸነፍን። በኃላፊ ጊዜ። ያላየውን።

ያልተኛሁት እኔ ነኝ። ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ከፍራሼ፣
ውጤቱን ፍለጋ ስገላበጥ፣ ማተቤን በጣቴ ዳብሼ።
ለኳስ ይሁን ለሌላ፣ እንጃ።
መርሳ ልጅ አለችኝ፣ ወለላ፤ ሁለት ዓመቷ ነበር ስወጣ፤
ሰባት ዓመት ሙሉ ድምጿ ወደ ስልኬ አልመጣ።
ዓርብ ዓርብ ስደውል፣ አክስቷ «ተኝታለች» ትለኛለች፣
በጠራራ ፀሐይ! ከኋላዋ ግን ልጄ ስትስቅ ትሰማኛለች።
ስጸልይ እንኳ «ምናልባት» የምትል ቃል አስገብቼ፣
ለእግዜር መውጫ ቀዳዳ ትቼ፣
እንዳያፍር ብዬ ነው። ወይ እንዳላፍር።

ጠዋት፣ ሾፌሩ ጆጂ፣ መኪና እያጠበ በግቢው፣
እጁን ከነሳሙናው አነሳ፤ ሦስት ጣት። ከዚያ ሁለት። ገባኝ ነገሩ፣ ወይ ጉድ ሰው!
ሮጥሁ። ፈዋዝ ቁርሱን ይበላል፤
ከትምህርት ቤቱ ሸሚዝ ሥር ቢጫው ብቅ ብሏል።
«አሸነፋችሁ!»
«ነግሬሽ የለ?» አለኝ። አይብ እንድጨምርለትም ጠየቀ።

አውቃለሁ፣ ኳስ ነው። በሌላ ሰኞ አራት ለባዶ ይሸኙታል፣
አሥራ አራት ቁጥርም አንድ ቀን ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል።
ፈዋዝ ያንንም ቀን ቢጫውን ይለብሳል።

ዛሬ ዓርብ። ማዳም ተኝታለች። ቁጥሩን ከመምታቴ በፊት፣
«አናገረችኝ» አልሁ፤ ጎረበጠኝ፣ እንዳልበሰለ ሽንብራ ጥሬት።
ደግሜ አልሁት።
ስልኩ ይጠራል። አንዴ። ሁለቴ።
ከማድቤቱ በር ጀርባ፣ እጄን በአፌ ላይ ጭኜ፣
የመጣብኝን ሳቅ ይዤ ቆሜያለሁ።