ሁለተኛው ሰልባትዮ

ሰማንያ ሊትር ነበር የመኪናህ ሆዱ፣
ሰማንያ ሊትር ነበር የመራቅህ ገመዱ።
ከአዳማ ስትወጣ ሽንኩርትህን ደርድረህ፣
የመተሐራን ንፋስ በመስኮት ተሻግረህ፣
ሎግያ አራግፈህ፣ ገዋኔ ላይ ቀይዋ መብራት ስትበራ
በጣቴ ቆጥሬ አውቃለሁ ያለህበትን ስፍራ።
"ናፍጣ የለም" ከተባልክ ከሰልፉ ታድራለህ፤
ካለ ደግሞ ሐሙስ ማታ በሬን ታንኳኳለህ።

ዘንድሮ ግን ሰልፉ ረዘመ፣ ረዘመና
ሁለት ሌሊት ሙሉ መሪው ላይ አደርክና
ሽንኩርቱ አቆጠቆጠ፤ በጆንያው ቀዳዳ
አረንጓዴ ጆሮ አወጣ፣ ትርፉ ሆነ ዕዳ።
"ሁለተኛ ሆድ ላስገጥም" አልክ፣ "እንደ ግመል ያለ፣
ሰማራ ደርሶ መልስ፣ ለማኝ ያልተባለ።"
ግመልም ሲጠማው ይመለሳል ልልህ
አፌ ላይ ነበረ።
እራት አቀረብኩልህ።

ጋሽ ኸይሩ ግቢ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ፣
ምሳ ላቀብል ብዬ ሄድኩ፣ ፀሐይ ሳትገባ።
(ምሳ በዚያ ሰዓት! ሰበቤን ማን ያምናል?)
ከአሮጌ አይሱዙ የተፈታ ሰልባትዮ መሬት ላይ ተጋድሟል።
ቅንድብ የለውም ጋሽ ኸይሩ፤ ድሮ አንድ በርሜል
ባዶ መስሎት ሲበይድ ነው ያጣው። "ከሞላው ይልቅ" ይላል፣
"ጠረኑ የቀረበት ባዶው ነው ሰው የሚያቃጥል።"
በኦሞ አጠበው፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣
ውኃው እስኪጠራ እየደፋ በፊቴ።

"ውስጡ ደግሞ ግድግዳ? ማን ሊኖርበት ነው?"
ብዬ ብስቅ፣ ላሜራውን እየለካ፣ "ግድግዳ ከሌለው
ኩርባ ላይ" አለኝ፣ "ናፍጣው ነው መኪናውን የሚነዳው።
መተንፈሻም አለው፣ ቀጭን፣ ከላይ በኩል፤
እሷን ካልተውክለት፣ ሲጎድል ሲጎድል
ራሱን ወደ ውስጥ ጠጥቶ ይጨማደዳል።"
ይህን ሲል እኔን ይይ፣ አይይ፣ አላውቅም፤
ቅንድብ የሌለው ሰው ፊቱ አይነበብም።

ከካቢኑ ኋላ በአራት ቡሎን ታሰረ፤
የስድስት ጆንያ ቦታ በላና አደረ።
ሳሙና ቀቡት፤ አረፋ አላወጣም ስፌቱ፤
"አንዲት ጠብታ አይተፋም!" አለ ጋሽ ኸይሩ በኩራቱ።
መቶ ሃያ ሊትር። የላይኛው ለታችኛው በቱቦ ያወርዳል።
ደመርኩ፦ ሁለት መቶ። በአሥር ሳባዛው፣ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ያስኬዳል።
በዳሳ፣ ሐሙሴ በዚህ ቁጥር ውስጥ የት ላይ ይወድቃል?

በጎኑ ነጭ ቱቦ አለ፣ ናፍጣው ልኩን የሚናገርበት።
አንተ ዋጋ ስትከራከር፣ እኔ ተጠጋሁበት፤
ከጆንያ መስፊያው ቀይ ሲባጎ በጠስኩና
መሐሉ ላይ አሰርኩት፣ አጠበቅኩት፣ ደገምኩና።
ረዳቱ ጀቤሳ አየኝ። ልጅ ነው፣ ግን ገብቶታል፦
እዚህ ሲደርስ መኪና ፊቱን ያዞራል።

ሰኞ ወጣህ። ሐሙስ ማታ በሬ ዝም አለ።
ዓርብም ዝም። ንፋሱ ብቻ አሸዋ እያዘለ
ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ሞተርህ እየመሰለኝ
ስንቴ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ፣ ስንቴ አወለቅኩኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ገባህ፣ ፀሐይ አክስሎህ፣
የአፍዴራ ጨው በፌስታል፣ "ላንቺ ነው" ብለህ።
ስለ ክሩ አላነሣህም፤ እኔም አልጠየቅኩም።
ስታንኮራፋ በባትሪ ወጥቼ አየሁ፤ አልተበጠሰም።
ብቻ ወርዷል፤ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤
ቋጠሮውም የኔ አይደለም፣ እንደ ጭነት ገመድ ተደርቧል።

ጣቴን ቱቦው ላይ አጋደምኩት።
አንድ ጣት፣ ስድስት ሊትር።
ስድስት ሊትር፣ ስልሳ ኪሎሜትር።
ካሰርኩልህ ወዲያ ስልሳ ኪሎሜትር ላይ ምን አለ?
ባትሪዬን ይዤ ሳሰላ
መተንፈሻው ከላይ፣ በቀስታ፣ እፎይ አለ።