ምርመራ

ከጢስ ዓባይ በታች፣ ከዐለቱ ሥር፣
ቁጥር የተጻፈበት አንድ ብረት አለ፣ ወንዙ ውስጥ የሚኖር።
አባቴ አንማው ጠዋትና ማታ ወርዶ ሲያነበው፣
ደብተሩን ከብብቱ፣ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ ሲጽፈው፣
ሠላሳ ክረምት ቆየ። ከዚያ ለእኔ ተወው።

በአባቴ ጽሑፍ ውስጥ ወንዙ ሰው ነበረ፤
በሐምሌ ተቆጥቶ፣ በመስከረም ጠርቶ፣ በጥር ያቀረቀረ።
ሰኔ ላይ ሲደፈርስ "ደጋው ዘንቧል" ይላል፣ ከቁጥሩ ጎን ጽፎ፤
በዓመቱም ያው ነው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ሦስት ቀን አሳልፎ።

የእኔ ደብተር ግና ሌላ ነው ጠባዩ፤
በሚያዝያ ይሞላል፣ ጠርቶ ሳለ ሰማዩ።
ሲመሽ ከፍ ይላል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ አምፖል ሲያበራ፤
ሌሊት ዝቅ ይላል፣ ከተማው ሲተኛ፣ ሲቆም የወፍጮው ሥራ።
እሑድ ፋብሪካው ሲያርፍ ወንዙም አብሮ ያርፋል፤
ዓሣው ኩሬ ውስጥ ቀርቶ ጀርባው ፀሐይ ይሞቃል።

ጥሩዓለም እንኳን፣ ዐለቱ ላይ ጋቢ አጥባ አስጥታ፣
ጎርፍ ነጠቀባት፣ ጠብታ ሳይዘንብ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ።
"ማነው ያዘነበው?" ብላ ጠየቀችኝ፤
"አዲስ አበባ ነው፣ እራት ሰዓት ደርሶ" ስላት ሳቀችብኝ።

እርግማን ግን የለኝም።
ልጄ አዛለች እኩለ ሌሊት እግሯን አስቀድማ ስትወለድ፣
አዋላጇ ያየቻት በአንዲት አምፖል ነበር፣ ዓባይ በውስጧ ሲነድ።
ምን አፍ አለኝ ታዲያ?

አንዳንድ ሌሊት ብቻ፣ መብራት ድርግም ሲል፣
መንደሩ "ኧረ ጠፋ!" ብሎ ሻማ ሲፈልግ፣ ክብሪት ሲያቀጣጥል፣
እኔ ጆሮዬን አቆማለሁ።
ማሽኑ ደንብሮ፣ የቦዩ በር ተዘግቶ፣
ውሃው የድሮ መንገዱን በጨለማ አስታውሶ፣
መጀመሪያ ሹክሹክታ፣
ቀጥሎ የሩቅ ሠርግ እልልታ፣
ከዚያ የጣሪያው ቆርቆሮ መራድ ይጀምራል።
አዛለች ትነቃለች።
"አባ፣ ዝናብ መጣ?"
"አይ ልጄ፣ አያትሽ የሚያውቀው ወንዝ ነው።"

ትናንት ባትሪዬን ይዤ ወረድኩ ወደ ብረቱ።
ቁጥሩን ጻፍኩ። ከጎኑ "ምርመራ" የምትል ጠባብ ዓምድ አለች፣
አባቴ ደጋውንና ደመናውን የሚያሰፍርባት።
"መብራት ጠፋ" ልበል?
"ወንዙ መጣ" ልበል?
እያወላወልኩ ሳለ አምፖሎቹ ማዶ አንድ በአንድ በሩ፤
ከላይ፣ ከገደሉ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ።
ዓምዷን ባዶ ተውኳት፤
እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ
በበራልኝ መንገድ ወደ ቤቴ ወጣሁ።