አንቀጽ ሰባት

በባቡር ወረድኩኝ ባሕሩን ተከትዬ፣
አንቀጽ ሰባትን ግን ባዶ አንጠልጥዬ።
ሌላው ተጽፎ አልቋል፦ ትርጓሜው፣ መዝገቡ፣
ስም ለሚሰርቅ ሌባ መቀጫ ገንዘቡ።
ያልተሞላው ይላል፦ «ይህን ምርት ከአፈሩ
ምን ያስተሳስረዋል? ያስረዱ፣ ይዘርዝሩ።»

ኩሩንዱዌላ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል፣
ቅጠሉ ቀይ ለብሷል፣ ቅርንጫፉ ተቆርጧል።
ፒያሴሊ መሬት እግሯን ዘርግታለች፣
ቀጭኑን እንጨቷን ጭኗ ላይ ይዛለች።
በሰባ ዓመት እጇ ሻካራውን ፋቀች፣
በናስ ዘንግ አሸችው፣ እያሸች አላበች፤
በጎንና በጎን ቢላዋ አሳለፈች፣
እርጥቡን ቆዳውን እንደ ሸሚዝ አወለቀች።

«አማ፣ ምንድን ነው» አልኩ ብዕሬን ነቅዬ፣
«ይህን ቀረፋ ከአፈር የሚያስረው?» ብዬ።
ዝም አለች። ናሱ ብቻ
ይመላለሳል።
ከራስጌያችን ላይ፣ በገመድ ተሰቅሎ
የትናንቱ ልጥ አለ፣ እንደ ደብዳቤ ተጠቅልሎ።

ጎረቤት ተሰበሰበ።
አንዱ «የባሕሩ ጨው» አለ፣ ሌላው «ነጩ አሸዋ»፣
አንድ ጣቱን ያጣ ሰው አለኝ «ቢላዋ፤
እጅ ነው የሚያስረው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤
ወረቀትህ ላይ ግን ለእጅ ቦታ የለም።»
ሁሉን ጻፍኩ በኅዳግ፣ እየተደራረበ፤
መሀሉ ግን ባዶ፣ አንድም ቃል ያልቀረበ።

ጠርሙስ አወጣሁኝ፣ ከውጭ አገር የመጣ፣
ሽፋኑ ላይ መንደሯ በወርቅ ቀለም የወጣ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤
ከሱቅ መደርደሪያ በላይ ሲውል ግን ያኔ አየሁ።
የሷ ስስ ነው፣ ድርብርብ፣ እንደ ገጽ ይገለጣል፤
የጠርሙሱ አንድ ጥቅል፣ ወፍራም፣ ግንድ ይመስላል።
አንዱን በትር አውጥታ በጥርሷ ሰበረች፤
«ይህ ማገዶ ነው» አለች፤ ሳቀች፣ ደግሞ ተወች።
«ልጡም እዚህ አለ፣ ዘንጉም እዚህ አለ፤
ስማችን ብቻ ነው በመርከብ የኮበለለ።»

ያኔ ካርታ ዘረጋሁ። ቀይዋን መስመር ባሳይ፣
ከኮረብታው ወርዳ ቆማለች ወንዙ ላይ።
ወዲህ ያለ ሁሉ ስሙን ይጠራበታል፣
ማዶ ያለው ግን ሌላ ስም ይፈልጋል።
ማዶ ጭስ ይታያል። ልጇ ናት የዳረቻት፣
ሌላዋቲ፣ ይህንኑ ሙያ ያስተማረቻት፣
የእናቷን የናስ ዘንግ ቆርጣ የሰጠቻት።
ችግኙም ከዚህ ነው፣ በቅርጫት የሄደ፣
ከሙሽራዋ ኋላ ወንዙን የወረደ።

«ዝናቡ» አለችኝ፣ «ወንዙ ጋ ይቆማል?
ቅጠሉስ ሊቀላ ድንበር ይጠይቃል?»

አፈርኩ። እርሳሴን ስዬ ልግፋው ስል መስመሩን፣
እጄን ጨበጠችኝ፤ አሳየችኝ ዳሩን፦
«ከልጄ ቤት ጀርባ ያለው የጉናፓላ ነው፤
መርከብ የሚጭን እሱ፣ ጠርሙሱም የሱ ነው።
ለልጄ ስትከፍት፣ በልጄ ትከሻ
ታዝሎ ይገባል፤ የለህም መመለሻ።
ተወው፣ ወንዙ ይሁን። ልጄ ሲመሽ ጠብቃ
እንጨቷን ታምጣልኝ ድልድዩን ዘልቃ፤
እዚሁ እፍቃለሁ፤ እዚህ ታስሮ ይሸጣል፤
ማን ያየዋል በማታ? ማን ማዶ ነው ይለዋል?»

ምላሴ ደረቀ። አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ
ትዝ አለኝ ቃል በቃል፣ ከገጽ እስከ ገጽ፦
«ከክልሉ ውጪ የበቀለን ቀላቅሎ
የሸጠ እንደሆነ፣ በተጠበቀ ስም አታሎ...»
አነበብኩላት።
ሰማችኝ።
ቢላዋዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤
«እንዲያ ከሆነ ያ ዋጋ የቆረጥክለት
የስም ሌባ እኔ ነኝ?» አለች።

አልፈረመችልኝም። አላባረረችኝም።
ሻይ ቀዳችልኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችኝም።
ካርታው ላይ፣ ወንዙ ጋ፣ የጣቷ ዘይት ወዝቷል፤
ቀዩ መስመር እዚያ ሲደርስ ቀለሙ ፈዟል፣
በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማየት አስቸግሯል።

በማታው ባቡር ስመለስ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ፣
ሰባተኛውን አንቀጽ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ ጽፌ፣
ጎኔ የተቀመጠው ዓሣ ነጋዴ
ዘወር አለና፣ «ቀረፋ ይዘሃል እንዴ?»
አለኝ።
«የለም» አልኩት።
«ወረቀት ነው።»