ዓይን ያወጣ ምሰሶ

ለሚመለከተው ሁሉ። ጎንደር።
ቀኑን አልጽፍም፤ ቀኑን እናንተ ታውቁታላችሁ፣
ደቂቃው ከነሰከንዱ ተመዝግቦ አለ እጃችሁ።
ጉዳዩ፦ አንድ ምሰሶ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣
ቢሮ ሳያምረኝ በርጩማ ጎትቼ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ብሶት ጻፍኩኝ፤
አያልሰው እባላለሁ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ።
የሰማሁትን ሁሉ አልበተንኩም ሜዳ፤
የሰው ገመና ነው፣ የሰው ጓዳ፣ የሰው ዕዳ።

ኅዳር ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ አንድ ፒካፕ መጣ፤
ምሰሶ ተተከለ፤ ምሰሶው ዓይን አወጣ።
(ዓይን ያወጣ ነገር ስንል የኖርነውን
አሁን ገና አየሁት፣ ብረት ሆኖ አካሉን።)
ለማን ነው? ብለን ደፍረን አልጠየቅንም፤
ለሌባ ነው አሉን፤ ሌባን የሚወድ የለም።
ሌባው ግን ብልህ ነው፣ ማዶ ተሻገረ፤
ከዓይኑ ፊት ለፊት ባለጉዳይ ቀረ።

ወይዘሮ ሙጭት ከአዘዞ፣ በሌሊት ተነሥታ፣
አጥሯን የገፋውን ሹም ልትከስ መጣች፣ በስሙ ጠርታ።
ሦስት ቃል ተናግራ ቀና አለች ወደ ላይ፤
ነጠላዋን ሳበች፣ ከንፈሯ እንዳይታይ።
‹‹ስሙ ይቅር፣ ልጄ፤ ‘አንድ ሰው’ በለው›› አለችኝ።
‘አንድ ሰው’ ብዬ ጻፍኩ። እጄን አመመኝ።

በማግሥቱ ሹሙ መንገድ ላይ አገኘኝ፤
‹‹ሙጭት ደህና ናት ወይ?›› እየሳቀ አለኝ።
ሻይ ልጋብዝህም አለ።
እሷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ማለደ ባጃጁን አዙሮ ያቆማል፤
‹‹ጀርባዬን ይይ›› ይላል። ታርጋም ግን ይናገራል።

እዚህ ከተማ ላይ ከፎቅ ሆኖ ማየት ብርቅ አይደለም፤
በግንቡ መስኮት ሥር ያልቆመ አባት የለም።
ያ መስኮት ግን ጆሮ ነበረው፤ ‹‹ጃን ሆይ!›› ሲሉት፣
‹‹አቤት! ተበደልኩ!›› ብለው ሲጮሁበት፣
ቢፈርድም ባይፈርድም ብቅ የሚል ፊት ነበር፤
ስም ያለው፣ የሚመረቅ፣ ሲከፋም የሚታማ በየሰፈር።
ይሄኛው መስኮት ነው፣ ቤት የሌለው መስኮት፤
ላንኳኳ ብትልስ፣ በሩ የት ነው? የት?

ስለዚህ በሕግ አምላክ! ተጠየቅ፣ ምሰሶ!
ማን ተከለህ? ማን ያያል ባንተ ዓይን ተንተርሶ?
ያየኸውስ የት ያድራል? ስንት ሌሊት? በማን ቁልፍ?
የሙጭትን መምጣት ለሹሙ ያቀበለው ማን ነው? ይጻፍ!
ሌባ አይታይ አላልኩም።
የሚያየን ይታይ።

ይህንኑ ጽፌ ዞርኩኝ። መዝገብ ቤት ‹‹አይመለከተንም››፤
ማዘጋጃው ‹‹የፖሊስ ነው››፤ ፖሊሱ ‹‹የኛ አይደለም››።
ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስንከራተት ቀኑ ተገፋ፤
ሁሉን የሚመለከት ሞልቶ፣ የሚመለከተው ጠፋ።

ሙጫ ገዛሁ።
በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ስንት ቀን ያጠናሁት ነገር አለ፦
ይሄ ዓይን ሩቅ ያያል፤ እግሩን አያይም።
እዚያው ለጠፍኩት፣ ከግርጌው፣ በሰው ቁመት ልክ።

ጠዋት ስደርስ ማለደ ጮክ ብሎ ያነባል፤
ሊስትሮው፣ ጠበቃው፣ የታክሲ ረዳቱ ቆሟል።
ከስሜ ሥር የጣት አሻራ አየሁ፣ ሰማያዊ፣ ገና ያልደረቀ።
የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤
መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው።

ግልባጭ፦
ለመንገደኛው በሙሉ፤
ለአቶ ዋሴ እንግዳው፣ የቀበሌው ሹም።
(ሙጭት ሆይ፣ ስሙ ይኸው። እኔ ጻፍኩት።)