ዜሮ ሰዓት

ቤር ሼቫ፣ አሮጌው ሰፈር፣ ከግሪሻ ሱቅ ጥግ ቆሜ፣
ሃርድ ዲስክ አገላብጣለሁ፣ ከካርቶን መሀል ለቅሜ።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ፣ ጥርሷን ቢያይም አያምናትም፤
ግላሷን ገልጦ፣ ገጣባዋን ሳይፈልግ አይገዛትም።
ይሄኛው ጀርባው የት አለ? የታሸገ ብረት ነው፤
ስንት ሌሊት እንደሮጠ፣ ለማን እንዳገለገለ፣ ማን ጠየቀው?

«ዜሮ ሰዓት!» ይላል ግሪሻ፤ «ታድሷል፤ ቆጣሪውን እየው።»

ታድሷል ማለት ምንድን ነው?
ታጥቧል? ድኗል? ወይስ ቀለም ተቀብቷል?
ዋጋው ግማሽ። ዋስትናው ሦስት ወር፣ እሱም በቃል።

አርባ ሁለት ሠርግ ቀርጫለሁ፤ ይህ ብረት ቢያቃስት አንድ ሌሊት፣
ደጄ ላይ አርባ ሁለት ሙሽራ፣ ከኋላቸው አርባ ሁለት አማት!

ልተወው ብዬ ቦርሳዬን ስዘጋ፣ መታወቂያዬ ሾልኮ ወጣ፤
ቀን ዜሮ፣ ወር ዜሮ ይላል። ያኔ ከአውሮፕላን ወርጄ ስመጣ፣
«መቼ ተወለድህ?» አለኝ ጸሐፊው፤ «ገብስ ሲታጨድ» ብለው፣
ከዚያ በፊት የሮጥኩትን፣ በአንድ ብዕር ዜሮ አለው።

አላመንኩትም። ግን ገዛሁ፤
ሁለት፣ አንዱ ላንዱ ዋስ እንዲሆን።
ማታ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ሲሽከረከር ሰማሁ ድምፁን፤
ቀጭን፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ። ዕድሜው ስንት እንደሆን
አልጠየቅኩትም።