ሳጥን ውስጥ የሚያንስ

መጋቢት አለቀ፣ ሰዓቱ ተገፋ፤
ከጎተንበርግ መንገድ በረዶው ጠፋ፣
ዝናብ ብቻ ቀረ፣ ቀን ሙሉ ሲያካፋ።
ከኮሪደራችን ግን ክረምቱ አልወጣም፤
ቱታው ከነጭቃው፣ ቦቲው ከነአሸዋው፣
መንሸራተቻው ተጋድሞ፣ ድመት አያስወጣም።

«ክረምት» ስል እናቴ ስልክ ላይ ትስቃለች፤
«ሰኔ እንኳ ሳይገባ ምን ክረምት?» ትላለች።
ወለላ በሁለታችን መሀል ግራ ገብቷት ቀረች፣
በረዶም ዝናብም «ክረምት» ብላ ጠራች።

ትናንት በጨለማ ሌጎ ረግጬ፣
ልጅ እንዳይነቃ ጩኸቴን ውጬ፣
«ነገ» አልኩ፣ ሶፋው ጫፍ በአንድ ጎን ተቀምጬ።

ነገ ዛሬ ሆነ። ትርሲት ከሆስፒታል
ሌሊት ሠርታ መጥታ፣ «እርጥቡ ይሻግታል፣
አድርቀህ ክተተው፤ ኪስ ኪሱን አራግፍ»
አለችና ገባች፤
ጫማዋን ሳታወልቅ ይዟት ሄደ እንቅልፍ።

ኪሱን አራገፍኩት። ወጣ ግማሽ ብስኩት፣
የግራ እጅ ጓንት፣
(የቀኙን ከጥር ጀምሮ «የታል?» ያልኩት)
«ሲግነ» የሚል ስም ያለበት የሰው ልጅ ካልሲ፣
ሁለት ጠጠር።
ልጥላቸው ስል፣ «ስም አላቸው» አለች ወለላ፣
«ይሄ አቶ ድንቡሼ ነው፣ ይቺ ደግሞ ሚላ።»

እዚህ አገር የልብስ ቁጥር የልጅ ቁመት ነው፤
ዘጠና ስምንት ማለት፣ ከእግር እስከ ራስ ቅል
ዘጠና ስምንት ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ነው።
ስለዚህ ሳጥኖቼ ላይ በወፍራም ማርከር፦
ሰማንያ ስድስት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ስምንት።
ሲደራረቡ ደረጃ ናቸው፣
አንዲት ልጅ የወጣችባቸው፣
ተመልሳ የማትወርድባቸው።

መጫወቻውንም ግማሹን ለየሁት፣
ሳታየኝ ጠቅልዬ ከረጢት ከተትሁት።
«ስድስት ወር ያላዩት አሻንጉሊት አዲስ ነው»
ያለችኝ ጉኒላ ናት፣ ከላይ ያለችው።
እውነቷን ነው፤ አምና በጥቅምት ቀጭኔው ሲወጣ
ወለላ አንገቱን አቅፋ ሳመችው፣
ከሩቅ አገር እንደመጣ።

ምድር ቤት ወረድን፣ እሷ ባትሪ ይዛ፣
እኔ ሳጥን አዝዬ።
በሽቦ የታጠረች፣ ቁጥር አሥራ አራት፣
የዶሮ ቤት ታክላለች የእኛ ዕቃ ቤት፤
መብራቱ ሦስት ደቂቃ ይበራል፣ ከዚያ ድርግም።

አንድ ባዶ ካርቶን ውስጥ ዘልላ ገባች፣
ጉልበቷን አቅፋ ክዳኑን ሳበች፦
«እኔንም አስቀምጠኝ። በስንት ወር እወጣለሁ?»
«በጥቅምት።»
«እሺ። እንቆቅልህ!»
«ምን አውቅልሽ።»
«ማንም ሳይነካው፣ ውሃ ሳያገኘው፣
ሳጥን ውስጥ ተኝቶ የሚያንስ ምንድን ነው?»
አሰብኩ። አላወቅሁም።
«አገር ስጠኝ!» አለች።
«ጎተንበርግን ውሰጂ።»
«እሱማ የራሴ ነው! የሌላ ሰው ስጠኝ።»
«እሺ፣ ማልሞን።»
ማልሞን ወሰደች፤ ትንሽ አላመጠች፤
«ሰማያዊው ቱታዬ!» ብላ ሳቀች።

ድርግም።

ማብሪያውን ስዳብስ እጄ ከጥጉ ደረሰ፣
ካንድ ሳጥን ላይ አረፈ።
መብራቱ ሲመጣ፣ ቁጥር የለውም፤
በትርሲት ጽሕፈት «ይቆይ» ይላል፣ ሌላ የለውም።
ውስጡ ያለው ስድሳ ሁለት ነው፣ ሳልከፍተው አውቃለሁ።
ከነመለያው፣ አንዴም ያልተለበሰ።
ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

እሱን ባወጣው መንሸራተቻው ይገባል።
ለካሁት፣ በስንዝር። በትክክል ይገባል።
በሽቦው ማዶ፣ ከጉኒላ ዕቃዎች ጋር፣
የሕፃን አልጋ ቆሟል፣ አንሶላው የተነጠፈ፤
ልጇ ባለፈው ኅዳር አምሳ ዓመቱን አለፈ።

መንሸራተቻውን ተሸክሜ ተመለስኩ፣
ወለላ ከኋላ፣ ጠጠሮቿን ይዛ።
ትርሲት ነቅታለች። «ይሄስ?» አለች።
«አልገባም።»
«ገፋ ብታደርገው...» አለችና ዝም አለች፤
ሄዳ ሻይ ጣደች።

ግድግዳው ሥር አቆምኩት።
እስከ ጥቅምት ዘለን እናልፈዋለን።